ከጀርባ የመጣ ውኃ፦ የሴጌድ ከተማ ጥፋትና ዳግም ግንባታ

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በደቡብ ሃንጋሪ፣ በቲሳ ወንዝ ዳር፣ ሴጌድ የምትባል ከተማ አለች። ካርታዋን ላየ ሰው በግማሽ የተቆረጠ የሸረሪት ድር ትመስለዋለች። ሁለት የቀለበት መንገዶች ከወንዙ ተነሥተው፣ ከተማዋን ዞረው፣ ተመልሰው ወንዙ ላይ ይገጥማሉ። ከመሃል የሚነሡ ሰፋፊ ጎዳናዎች ደግሞ ቀለበቶቹን እያቋረጡ ወደ ዳር ይወጣሉ። ቀስ በቀስ ያደገ የገጠር ከተማ እንዲህ ዓይነት ቅርጽ አይኖረውም። ይህ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ የተሠመረ ነው። እንዲህ ሊሠመር የቻለውም የቀድሞዋ ከተማ በአንድ ሌሊት ስለጠፋች ነው።

የሴጌድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ጎርፍ መጣ፣ ከተማዋ ጠፋች፣ ንጉሡ ቃል ገቡ፣ ከቀድሞው አምራ ተሠራች» ተብሎ ነው። ይህ አባባል ስሕተት የለበትም፤ ግን ጠቃሚውን ነገር ሁሉ ይዘልላል። ጎርፉ ለምን በዚያ ከፍታ መጣ? ለምን ከወንዙ በኩል ሳይሆን ከጀርባ ገባ? ከተማዋስ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ እንዴት ቆመች? በግንባታው ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ከሰረ? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጉዳዩ የተሳተፉትን ሰዎች በስም ሳይሆን በሥራ ድርሻቸው እጠራቸዋለሁ።

ዳራ

ሴጌድ የተቀመጠችው የማሮሽ ወንዝ ከቲሳ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ለንግድ የተመቸ ቦታ ነው፤ በምሥራቅ ካለው ከትራንሲልቫኒያ ምድር ጨውና እንጨት በማሮሽ ላይ እየተንሳፈፈ ይወርድ ነበር። በ1854 የባቡር ሐዲድ ደረሰላት። በ1870ዎቹ የሕዝቧ ቁጥር 70 ሺህ አካባቢ ነበር። ያም ሆኖ መልኳ የትልቅ መንደር ነበር፦ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ዝቅ ያለ ቤት፣ በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በገመድ ተሰክቶ የተንጠለጠለ ቀይ በርበሬ። (በርበሬው የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ ሴጌድ በሃንጋሪ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በበርበሬዋ ነው።) የጭቃ ቤትን ጠባይ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ዝናቡን ከላይ ጣሪያው ከመለሰለት ዕድሜ ይጠግባል። እግሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ግን በሰዓታት ይሟሟል።

ቲሳ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰነፍ ወንዝ ነው። በታችኛው ክፍሉ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚወርደው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጥንት በየዓመቱ ሞልቶ በሰፊው ሜዳ ላይ ይተኛና ቀስ ብሎ ይመለስ ነበር። የመሬት ባለቤቶች ሜዳውን ለስንዴ ፈለጉት። በነሐሴ 1846 ቲሳዶብ በተባለው ቦታ ወንዙን የመግራት ሥራ ተጀመረ። ዕቅዱ ሁለት ነገር ነበረው፤ ጠመዝማዛውን ወንዝ ከመቶ በላይ በሆኑ ቦታዎች ቆርጦ ማቅናት፣ በሁለቱም ዳር ደግሞ የአፈር ግድብ መሥራት። ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው የወንዙ ርዝመት በሥራው ማብቂያ ወደ 960 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረደ። አፈሩን የቆፈሩትና የገፉት ባለ ጋሪ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ክፍያቸው በሜትር ኪዩብ ስለነበር ስማቸውም ከዚያው ወጥቶ «ኩቢኮሽ» ተባሉ።

ለእርሻው ሥራው የተሳካ ነበር። ችግሩ የሚታየው ታች ላይ ነው።

ችግሩ እንዴት ተጠራቀመ

ግድቦቹን የሠሩት በየአካባቢው የተቋቋሙ የመሬት ባለቤቶች ማኅበራት ነበሩ። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ክልል አጠረ፤ ውኃው ከክልሉ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የማሰብ ግዴታ አልነበረበትም። ወንዝ ሲቀና ከታች መጀመር ይገባ ነበር፤ ታችኛው መውጫ ሳይከፈት ላይኛውን ማፍጠን ውኃውን ማከማቸት ነውና። በተግባር የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከላይ ያሉት ቁርጦች ቶሎ ሠሩ፤ ከሴጌድ በታች ያሉት ወደ ኋላ ቀሩ። ቀድሞ ሜዳ ላይ ሳምንታት ይተኛ የነበረው ውኃ አሁን በሁለት ግድብ መካከል ተጠቦ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሴጌድ አጠገብ ሲደርስ መውጫው ይጠብበዋል፤ ማሮሽም ከጎን የራሱን ይጨምርበታል።

በዚህ ምክንያት በሴጌድ የወንዝ መለኪያ ላይ የሚመዘገበው ከፍተኛ ልክ ከጎርፍ ጎርፍ እየጨመረ መጣ። የተሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ግድቡን ጥቂት ከፍ ማድረግ። በእኔ ግምት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ራሱ «ወንዙ ተለውጧል» እያለ ሲናገር፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ግን «ዘንድሮ ውኃው በዛ» ብለው አነበቡት።

ከተማዋ ራሷ በወንዙ ፊት ለፊት ከፍ ያለ ዳርቻ ነበራት። ከጀርባዋ፣ በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ያለው መሬት ግን ዝቅ ያለ ነው። በዚያ በኩል የሚጠብቋት በሌሎች እጅ ያሉ ግድቦችና የአልፌልድ (የታላቁ ሜዳ) ባቡር መስመር የተዘረጋበት የአፈር ቁልል ነበሩ። ያ ቁልል የተሠራው ባቡር ለመሸከም እንጂ ውኃ ለመያዝ አልነበረም።

ከመጋቢት 5 እስከ መጋቢት 12፣ 1879

መጋቢት 5 ቀን ከከተማዋ በስተ ሰሜን ፔትሬሽ በተባለው ቦታ የቲሳ ግድብ ተሰበረ። ውኃው ወደ ከተማዋ በቀጥታ አልሮጠም። ከጀርባ ባለው ዝቅተኛ መሬት ላይ ተኝቶ፣ አንዱን ግድብ ሲጥስ ወደ ሌላው እየተጠጋ፣ በቀናት ውስጥ እስከ ባቡሩ መስመር ደረሰ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይህ ነው። ወታደሩም ነዋሪውም ቀንና ሌሊት አፈር ተሸክሞ መስመሩን ከፍ አደረገ። የሚሞላው አፈር ርጥብ ነበር። ሰዉም ስድስት ቀን ያልተኛ ሰው ነበር።

ከመጋቢት 11 ለ12 አጥቢያ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። የተኛው ውኃ ማዕበል ሆኖ መስመሩን ይደበድበው ጀመር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የባቡሩ መስመር ተሰበረ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 1871 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ውኃው ከኋላ ገብቶ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አብዛኛውን ከተማ ሸፈነ። የቲሳ ከፍተኛ ልክ 806 ሴንቲ ሜትር ነበር።

በከተማዋ ከነበሩት 5,723 ቤቶች የቆሙት 265 ብቻ ናቸው። የሟቾች ይፋዊ ቁጥር 151 ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጥፋት ይህ ቁጥር ዝቅተኛ የሆነው ሕዝቡ ለቀናት በማስጠንቀቂያ ላይ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ቤቶቹ የወደቁት በጎርፉ ግፊት ብቻ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ቆመው ከርመው ውኃው ግድግዳቸውን ካራሰው በኋላ አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር በተራ ጎርፍ ላይ የማይታይ ነው። ውኃው አልወጣም። ወንዝ ዳሩ ከጀርባው መሬት ከፍ ስለሚል ከተማዋ እንደ ገበቴ ሞልታ ቀረች። ለወራት ተከማችቶ በፓምፕ መወገድ ነበረበት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከአምስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 17፣ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥትና የሃንጋሪ ንጉሥ የሆኑት ገዢ በጀልባ ሆነው ፍርስራሹን ጎበኙ። «ሴጌድ ከነበረችው የበለጠ ታምራለች» ብለው የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ በከተማዋ ይጠቀሳል። የንጉሥ ቃል ግን ጡብ አይሆንም። ቃሉን ወደ ሥራ የለወጠው በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ነው።

በሕጉ መሠረት ለከተማዋ ግንባታ አንድ ንጉሣዊ ኮሚሽነር ተሾመ። ሰውየው የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ወንድም ነበር። ዛሬ ቢሆን ይህ ሹመት ብቻ የጋዜጣ ወሬ ይሆን ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን ከቡዳፔስት ገንዘብና ፈቃድ ለማስፈጸም በጀ። አብሮት የሚመክር 12 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተሰየመ፤ በሥሩም የቴክኒክ ክፍል ተቋቁሞ በዋና መሐንዲስ ተመራ። የኮሚሽነሩ ሥልጣን ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ ነበር። ጊዜው ግን የተወሰነ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በ1883 መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ።

የሥራው ቅደም ተከተል የጉዳዩ ምርጥ ክፍል ነው። ነዋሪው በጊዜያዊ መጠለያና በየዘመዱ ቤት ተበትኖ ሳለ ቤት ለመሥራት የሚያስገድድ ግፊት እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም። ኮሚሽኑ ግን ከመሬቱ ጀመረ። መጀመሪያ ከተማዋን ከጀርባ የሚከብብ የራሷ ግድብ ተሠራ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሴጌድ ደኅንነት በላይኛው ማኅበር ግድብ ላይ አይንጠለጠልም። በወንዙም በኩል የድንጋይ ዳርቻ ተገነባ። ቀጥሎ የቀለበት መንገዶቹና ጎዳናዎቹ በአፈር ሙሊት ከፍ ተደረጉ። ልብ በሉ፣ መንገዱ መንገድ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ የቀለበት መንገድ ዳግመኛ ውኃ ቢገባ የሚያግድ ሁለተኛና ሦስተኛ ግድብ ነው። መኪና የሚሄድበትን ግድብ ማንም ችላ አይለውም፤ ጥገናው በየቀኑ በሚያልፍበት ሰው ዓይን ሥር ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የይዞታ ሽግሽግ ነው። ቀያሾች መሬቱን እንደገና ለኩ፤ በአዲሱ መስመር ላይ የዋለው ይዞታ ተወስዶ በካሳ ወይም በሌላ ቦታ ተተካ። የግንባታ ደንብም ወጣ። በውስጠኛው ክፍል ቤቱ በተተኮሰ ጡብና በፎቅ እንዲሠራ ተደነገገ፤ ወደ ዳር ሲወጣ ደንቡ እየላላ ይሄዳል። ለባለ ይዞታዎች የረጅም ጊዜ ብድር ተሰጠ።

ገንዘቡ ከመንግሥት ብድርና ከእርዳታ መጣ። እርዳታው ከብዙ አገር ስለነበር ከተማዋ ውለታውን በመንገድ ስም መለሰች። የውጭው ቀለበት ክፍሎች ዛሬም የቪየና፣ የሞስኮ፣ የለንደን፣ የፓሪስ፣ የበርሊን፣ የብራስልስና የሮም ይባላሉ። በሁለት የዓለም ጦርነቶች እነዚህ ከተሞች እርስ በርስ ሲዋጉ፣ እዚህ ግን በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ቆመዋል።

በወንዙ ማዶ ያለው ኡይሴጌድ፣ ትርጉሙ «አዲስ ሴጌድ»፣ እስከዚያ ሌላ አውራጃ ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ መንደር ነበር። በ1880 ከከተማዋ ጋር ተዋሐደ። ሁለቱን የሚያገናኘው የብረት ድልድይ በፈረንሳዊው የኤፌል ድርጅት ተሠርቶ በ1883 ተከፈተ። በዚያው ዓመት አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃና ቲያትር ቤቱ ተጠናቀቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተመልሰው መጥተው ቃላቸውን በዓይናቸው አዩ። ቲያትር ቤቱ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው በእሳት ተቃጠለ፤ በ1886 እንደገና ተሠራ። ውኃው ያስተማራት ከተማ ለእሳቱ አልተዘጋጀችም ማለት ነው።

የሠራው

ፍጥነቱ አስገራሚ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የፍጥነቱ ምክንያት ያስተምራል። ፕላን፣ ገንዘብና የመወሰን ሥልጣን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ከጎርፉ በፊት የከተማዋ አስተዳደር፣ የግድብ ማኅበራቱ፣ የባቡር ኩባንያውና መንግሥት እያንዳንዳቸው ከፊል ኃላፊነት ነበራቸው፤ የሁሉም ከፊል ተደምሮ ሙሉ አልሆነም። ከጎርፉ በኋላ የሚጠየቅ አንድ ሰው ተገኘ። ሥልጣኑም ጊዜ የተቀጠረለት ስለነበር ነዋሪው ማዘጋጃ ቤቱን ለዘለዓለም የተነጠቀ አልመሰለውም።

መሬቱን ከቤቱ ማስቀደምም ሠርቷል። በግምቴ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ይህ ነው። ቤት አልባ ለሆነ ሕዝብ «ቆይ፣ መጀመሪያ አፈር እንሙላ» ማለት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያኔ በየቦታው ጎጆ ተቀልሶ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ቀለበት መንገድ ለማሠመር የሚደፍር አይገኝም ነበር።

ያልሠራው

ሙሊቱ ጎደሎ ቀረ። ከተማዋን በሙሉ ከጎርፉ ልክ በላይ ማንሣት ከአቅም በላይ ስለሆነ፣ መንገዶቹ ከፍ ሲሉ የየግቢው ሙሊት ለባለቤቱ ተተወ። አቅም ያለው ሞላ፤ አቅም የሌለው በዝቅተኛው መሬት ላይ ሠራ። በዳር ሠፈሮች ዛሬም ከመንገዱ ልክ በታች የተቀመጠ ግቢ ይታያል። የዝናብ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ መገመት ይቻላል።

ደንቡም ሰው ለይቷል። በመሃል ከተማ ባለ ፎቅ የጡብ ቤት ለመሥራት የማይችል ባለ ይዞታ፣ ቦታው በስሙ ቢሆንም፣ ከመሸጥ በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ብድሩ የተሰጠው ዋስትና ላለው ነው፤ ተከራዩ ዋስትና የለውም። «ከነበረችው የበለጠ ያማረችው» ሴጌድ ለነጋዴውና ለሹሙ መሃል ላይ፣ ለዓሣ አጥማጁና ለቀን ሠራተኛው ዳር ላይ ነው ያማረችው። ጥበቡን ያደነቁ ጽሑፎች ይህን ሲዘሉት አያለሁ።

ሌላው ኪሳራ የቅርስ ነው። በወንዙ ዳር የነበረው የመካከለኛው ዘመን ምሽግ በግንባታው ጊዜ አብዛኛው ክፍሉ ፈረሰ። ዛሬ ቁራጩ ብቻ ከሙዚየሙ አጠገብ ቆሟል። የከተማዋ ሰዎች በ1880 የተሳሉት ስለትም ዘገየ። ታላቁ የስለት ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው በ1913 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋርጦት የተጠናቀቀው በ1930፣ ከስለቱ ሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዋናው በሽታ አልታከመም። ሴጌድ ራሷን አጠረች፤ ወንዙ ግን አሁንም በግድቦች መካከል ተጠቦ ነው የሚመጣው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

የመጀመሪያው ነገር የመለኪያው ንባብ ነው። ከፍተኛው ልክ በተከታታይ ጎርፎች እየጨመረ ከሄደ፣ ጥያቄው «ግድቡ ምን ያህል ይጨመር?» ሳይሆን «ከላይ ምን ተለወጠ?» መሆን አለበት። ወንዝ የአንድ ወረዳ ንብረት አይደለም። ከላይ ያለው ሲድን ታች ያለው እንዴት እንደሚሆን የሚጠይቅ አካል ካልተሰየመ፣ እያንዳንዱ ሰው ሥራውን በትክክል ሠርቶም ከተማ ሊጠፋ ይችላል። በሴጌድ ጉዳይ አንድ ጥፋተኛ ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ለሌላ ሥራ የተሠራን ነገር የመጨረሻ መከላከያ አድርጎ የመቁጠር አደጋ ነው። የባቡሩ አፈር፣ የመንገድ ትከሻ፣ የፋብሪካ አጥር፤ ውኃ እስኪመጣ ሁሉም ግድብ ይመስላል። ከተማ የሚጠብቀውን ነገር ለይቶ፣ ባለቤቱን አውቆ፣ ለውኃ መፈተን ይኖርበታል። ሴጌድ ይህን በተገላቢጦሽ አድርጋዋለች፤ ከጥፋቱ በኋላ መንገዱን ራሱን ግድብ አድርጋ ሠራችው።

የግንባታ ደንብ ሲወጣም አብሮ ሊሰላ የሚገባው ደንቡን መፈጸም የማይችለው ሰው ቁጥር ነው። ያ ሰው ከሒሳቡ ከወጣ ከከተማውም ይወጣል፤ የሚያርፍበት ደግሞ ሁልጊዜ ዝቅ ያለው መሬት ነው።

ከዚያ ወዲህ

የወንዙ ልክ መጨመሩን አላቆመም። በ1932 ዓመት 923 ሴንቲ ሜትር፣ በ1970 ደግሞ 960 ሴንቲ ሜትር ተመዘገበ። በሚያዝያ 2006 ቲሳ በሴጌድ 1,009 ሴንቲ ሜትር ደረሰ፤ ከተማዋን ካጠፋው ልክ ሁለት ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በወንዙ ዳር ግንብ ላይ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተደረደረ፣ ውኃው ከመንገዱ ልክ በላይ ቆሞ ዋለ፤ ከተማዋ ግን አልገባባትም። የወንዙ ዳር ግንብ ከዚያ በኋላ እንደገና ከፍ ተደርጓል።